የሕንፃ ንድፍ መምህር ደቀ መዝሙሩን እንዴት ሊመራው ይገባል

ቤት ሠሪ ከመሠረቱ አስቀድሞ የሚጥለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አሳብ ነው። አሳቡ የቀና እንደ ሆነ ድንጋዩም እንጨቱም ብረቱም በየስፍራው ገብቶ ይጸናል። አሳቡ የተጣመመ እንደ ሆነ ግን የግንበኛው ብርታትና የባለ ገንዘቡ ወጪ ቢጨመርበት እንኳ ጥመቱ አይቃናም። ስለዚህ በአገራችን የሕንፃ ብዛት እየጨመረ በሄደ መጠን፣ ያንን አሳብ የሚያፈልቁት ወጣቶች ከመምህሮቻቸው የሚያገኙት አመራር ምን ዓይነት ሊሆን እንደሚገባ መመርመር የመምህራን ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ሹማምንትም፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ጉዳይ ነው። ሹሙ የሚያሠራው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ፣ ደብሩም የሚያሠራው ቤተ መቅደስ ነገ ከእነዚሁ ወጣቶች እጅ የሚወጣ ነውና።

የሕንፃ ሥራ ዕውቀት በአገራችን በዘመናዊ ትምህርት ቤት መሰጠት ከጀመረ ሰባ ዓመት ያህል ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተባብረው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2010ም የኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተመሠረተ። በየክልሉ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎችም አንዳንዶቹ ይህንኑ ትምህርት ከፍተው በማስተማር ላይ ይገኛሉ። እንግዲህ ዛሬ ሊያሳስበን የሚገባው የትምህርት ቤቱ መኖርና አለመኖር ሳይሆን የማስተማሩ መንገድ ነው።

የዚህ ትምህርት ልቡ ስቱዲዮ የሚሉት የንድፍ ማውጫ ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ተማሪው መምህሩ የሚናገረውን ጽፎ የሚይዝ ብቻ አይደለም። አንድ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ በአንዲት የገጠር ከተማ የሚሠራ ትምህርት ቤት። እርሱም አስቦ ይነድፋል፣ በካርቶንም አምሳያውን አበጅቶ ያቀርባል። መምህሩ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ሥራውን ያያል፣ ከተማሪውም ጋራ ይነጋገራል፤ ተማሪው ደግሞ አሻሽሎ ይመለሳል። በመጨረሻውም ጁሪ በሚሉት ጉባኤ ፊት ሥራውን ሰቅሎ ያስረዳል። ስለዚህ በስቱዲዮ ውስጥ መምህሩ የሚያስተምረው ከመጽሐፍ በሚያነበው ሳይሆን የተማሪውን ሥራ በሚያይበት ዓይንና በሚናገረው ቃል ነው። ቃሉ የተሳሳተ እንደ ሆነ ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በግድግዳ ላይ ይታያል።

በዚህ ሥራ መምህር ሊወድቅባቸው የሚችል ሦስት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው እርሳሱን ከተማሪው እጅ ነጥቆ የራሱን አሳብ መንደፍ ነው። ተማሪው ደስ ይለዋል፤ ወረቀቱ አምሮለታልና፤ ዳሩ ግን በዚያ ቀን የተማረው የመምህሩን እጅ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ከሩቅ ቆሞ «ይህ አይሆንም፤ ሌላ አምጣ» ብሎ መሄድ ነው። ተማሪው እንዳልሆነ ያውቃል፤ ለምን እንዳልሆነ ግን አያውቅም፤ ስለዚህ መምህሩ የሚወደውን ለመገመት ይደክማል እንጂ ሕንፃውን ለማሰብ አይደክምም። ሦስተኛው «ነጻነት ሰጥቼዋለሁ» በሚል ምክንያት ተማሪውን ብቻውን መተው ነው። ይህኛው የዋህነት ቢመስልም ከሁሉ ይከፋል። መንገድ የማያውቅ ሰው ነጻ ሲለቀቅ የሚሄደው ብዙ ሰው በረገጠበት መንገድ ነውና፤ ከሌላ አገር ሥዕል ገልብጦ ይመጣል።

ከእነዚህ ከሦስቱ የተሻለውን መንገድ ለማግኘት ባሕር ከመሻገራችን በፊት በራሳችን አገር ያለውን እንመልከት። የቅኔ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በሌላው ጉባኤ፣ የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ቅኔ ደግሞ በመናገር ብቻ ባለ ሙያ አይባልም። ከጉባኤው ወጥቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከቋጥኝ ጥግ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። ከዚያም ወደ መምህሩ መጥቶ ይነግራል። መምህሩም እስከ መጨረሻው ይሰማዋል። ቤቱ ያልመታ እንደ ሆነ፣ ዜማው የሰበረ እንደ ሆነ፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገናኘ እንደ ሆነ ያንኑ ስፍራ ለይቶ ያሳየዋል። ተማሪውም ሄዶ ያቃናዋል። መምህሩ ራሱ ቅኔ የሚዘርፍበት ጊዜ አለው፤ ተማሪዎቹም ተሰብስበው ያደንቃሉ፣ ምሥጢሩንም ይመረምራሉ። ዳሩ ግን የመምህሩ ቅኔ የመምህሩ ነው፤ የተማሪውም ቅኔ የተማሪው ነው። ሁለቱን የቀላቀለ መምህር ቅኔ ዐዋቂ ሳይሆን ቅኔ ተቀባይ ያወጣል።

በዚሁ ላይ የቅኔ ቤት ሥርዓት ከትንሹ ወደ ትልቁ የሚወጣ ነው። ተማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሄዳል፤ እየበረታም ሲሄድ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። አባቶቻችን የቅኔውን ስንኝ «ቤት» ማለታቸው ያለ ነገር አይመስለንም። ሁለት ቤት አጽንቶ ያልሠራ ስምንት ቤት አይሠራም። በሕንፃ ንድፍም እንዲሁ ነው። አንዲት ክፍል ከነበሯና ከነመስኮቷ አስቦ ያላቀና ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ሃያ ፎቅ ሆቴል እንዲነድፍ ቢታዘዝ፣ መወድስ ቈጥረህ ና ተብሎ የተላከ ጀማሪ ይመስላል። ቃላቱን ይሰበስባል እንጂ ምሥጢር አያገኝም።

እርግጥ ነው፣ የቅኔ ቤት ሁሉ መልካም ነበረ አንልም። በትርና ዘለፋ የነበረበት ጊዜ ነበር፤ የሥራውም መስፈሪያ የጥንቱን መምሰል ብቻ የሆነበት ስፍራ አልጠፋም። እኛ ከዚያ የምንወስደው በትሩን ሳይሆን የማድመጡን ሥርዓት ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ መስማት፣ ቀጥሎ ስፍራውን ለይቶ ማሳየት፣ በመጨረሻውም ማቃናቱን ለተማሪው መተው።

በውጭ አገር ያሉ ሊቃውንትም ወደዚሁ አሳብ የደረሱት በብዙ ምርመራ ነው። ዶናልድ ሾን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው መጽሐፍ፣ ባለ ሙያ ሰው ሥራውን እየሠራ በዚያው ጊዜ እንዴት እንደሚያስብ ሲመረምር እንደ ምሳሌ ከወሰዳቸው ስፍራዎች አንዱ የሕንፃ ንድፍ ስቱዲዮ ነበር። በዚያ አንዲት ተማሪ በተዳፋት መሬት ላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትነድፍ የሕንፃው ቅርጽ ከመሬቱ አልስማማ ብሏት ትቸገራለች። መምህሩ አጠገቧ ተቀምጦ በንድፏ ላይ ስስ ወረቀት ዘርግቶ፣ እየነደፈ እየተናገረ፣ አንድ ሥርዓት ያለው ቅርጽ በመሬቱ ላይ ብታሳርፍ ምን እንደሚከተል ያሳያታል፤ ያ ቅርጽ የማይበጅ ሆኖ ከተገኘ ኋላ ልትሰብረው እንደምትችልም ይነግራታል። ሾን የዚህን መምህር ብልሃት አመሰገነ፤ መምህሩ መልሱን ብቻ አልሰጠም፣ የማሰብን መንገድ በእጁና በቃሉ ገለጠ እንጂ። ሆኖም ከሾን በኋላ የተነሡ ሌሎች መርማሪዎች በዚያ ንግግር ውስጥ የተናገረው አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ እንደ ሆነ፣ ተማሪዪቱ ግን ጥቂት ብቻ እንደ ተናገረች አስተውለው ነቅፈዋል።

ሁለቱም እውነት አላቸው። መምህሩ እርሳስ አይንካ ማለት አይገባም፤ እጅ ካልታየ እጅ አይለመድምና። ዳሩ ግን በተማሪው ወረቀት ላይ ሳይሆን በስስ ወረቀት ላይ ይንደፍ፤ ነድፎም ሲጨርስ ወረቀቱን ይዞ ይነሣ። ተማሪው በዓይኑ ያየውን በራሱ አሳብ ይመልስ እንጂ የመምህሩን መሥመር እየተከተለ አይቀባ። ከመንደፉም አስቀድሞ ተማሪው ይናገር። «ምን ፈለግህ? የቱ አስቸገረህ?» ተብሎ ያልተጠየቀ ተማሪ ችግሩን ራሱም አያውቀውም።

ይህንን ነገር በአሳብ ብቻ እንዳንተወው ወደ አንድ የታወቀ ስፍራ እንውሰደው። በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ከተማ የሆነችው እነዋሪ ከፍ ባለ ሜዳማ ደጋ ላይ ትገኛለች። የሜዳው ጫፍ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል። የጅሩ ሰንጋና የጅሩ ጤፍ ከሩቅ የታወቁ ናቸው፤ ስንዴውም፣ ምስሩም፣ ባቄላውም ይበቅልበታል። ይህንን በረከት የሚሰጠው አፈር ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን የአፈር መርማሪዎች ይናገራሉ። ለገበሬ ሀብት የሆነው ይኸው አፈር ለቤት ሠሪ ፈተና ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሸበሸባል፣ ሰውም እግሩን እስኪያገባበት ድረስ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለ በቂ ጥንቃቄ መሠረት የተጣለ እንደ ሆነ፣ ቤቱ በክረምት ከፍ በበጋ ዝቅ ይላል፤ ይህም በሁሉም ማዕዘን እኩል ስለማይሆን ግድግዳው በመስኮትና በበር ማዕዘን ላይ ይተረተራል፣ መዝጊያውም አልገጥም ይላል። ከግድግዳው አጠገብ የተተከለ ባሕር ዛፍም ርጥበቱን እየመጠጠ አፈሩን ከአንድ ወገን ስለሚያደርቅ ጉዳቱን ያብሰዋል።

አሁን አንድ የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ለእነዋሪ ባለ አራት ክፍል ትምህርት ቤት ንደፍ ቢባል እንመልከት። ከተማሪው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በአዲስ አበባ ያየው ዓይነት ነው፤ ፊቱ መስታወት፣ ጣራው ጠፍጣፋ፣ በዙሪያውም ለማማር ዛፍ የተተከለበት። እርሳስ ነጣቂው መምህር ይህንን ሰርዞ የራሱን ይነድፋል። ከሩቅ የሚፈርደው «አልወደድሁትም» ይላል። የተወው ደግሞ ያሳልፈዋል። መልካሙ መምህር ግን ይጠይቃል። «ይህ ቤት የቆመበትን አፈር አይተኸዋል? በሐምሌ በጣራው ላይ የወረደው ውሃ ከግድግዳው ሥር ይቆማል ወይስ ይርቃል? ዛፉን ከግድግዳው ስንት ሜትር አራቅኸው? በምዕራብ በኩል የከፈትኸው መስታወት በበጋ ከሰዓት በኋላ በልጆቹ ዓይን ላይ ፀሐይ ሲያበራ ምን ታደርጋለህ? ስለ ምንስ መስኮቱን በምሥራቅ በኩል አላሰብኸውም፤ የደጋ ልጅ በጥዋት ሲመጣ ብርድ ላይ ነውና? መስታወቱ የተሰበረ ቀን የሚተካው ሰው ከወዴት ይመጣል?» ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም ንድፉን አልሰረዘውም፤ ዳሩ ግን ተማሪው መልስ ሲፈልግ ንድፉ በራሱ እጅ ይለወጣል። ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ በሌላ ጥሩ አፈርና በጠጠር መተካትን፣ መሠረቱን ጥልቅ ማድረግን፣ በግድግዳው ዙሪያ ውሃ የሚያርቅ ንጣፍና ቦይ ማበጀትን፣ ከጣራው ጫፍ አሸንዳ ማድረግን መምህሩ ሳይነግረው ይደርስበታል፤ ወይም የት ሄዶ መጠየቅ እንደሚገባው ያውቃል። ከስንት ዓመት በኋላም ሌላ ስፍራ ሲሠራ፣ መምህሩ በአጠገቡ ሳይኖር፣ ጥያቄዎቹ በልቡ ይኖራሉ። የመምህር ሥራ ፍጻሜው ይህ ነው።

ከዚሁ ከእነዋሪ አገር የምናገኘው ሌላ ትምህርትም አለ። የአካባቢው ገበሬዎች ውሃ በሚተኛበት ዋልካ ላይ ዘር እንዳይበሰብስ አፈሩን በእጅ እየሰበሰቡ ሰፋ ያለ መደብ ያወጡ ነበር፤ በመደቡና በመደቡ መካከልም ትርፉ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ይተው ነበር። ይህ ሥራ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ የሚደክሙበት ብዙ ልፋት ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት የእርሻ መርማሪዎች ይህንን አፈር ለማጥናት ከመረጧቸው ስፍራዎች አንዷ እነዋሪ ነበረች። መርማሪዎቹ ከሌላ አገር ትልቅ መኪና አምጥተው «በዚህ እረሱ» አላሉም። የገበሬውን መደብ አስተውለው ሁለት የአገር ማረሻዎችን በማጋጠም መደብ የሚያወጣ፣ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ አበጁ። አሳቡ የገበሬው ነበረ፤ የተቃናውም ልፋቱ ነው።

የስቱዲዮ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ሊያገኝ አይችልም። ተማሪው ይዞት የመጣው አሳብ፣ ጐባጣ እንኳ ቢሆን፣ የሆነ ፍሬ አለው፤ ያ ፍሬ ከየት እንደ መጣና ምን እንዳደከመው መርምሮ በዚያው ላይ መሥራት ይገባል። ፍሬው የታጣ እንደ ሆነም መምህሩ ተማሪውን ወደ መሬቱ ይስደደው። በእነዋሪ፣ በመንዝና በተጉለት ያለውን የድንጋይ ግድግዳ ይለካ፤ ውፍረቱ ለምን ያህል እንደ ሆነ፣ የሣር ክዳኑ ለምን ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ፣ ወጋግራውና ማገሩ እንዴት እንደሚያያዙ ከግንበኛው ይጠይቅ። በክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተደረጉት በምን አሳብ እንደ ሆነ ከካህናቱ ይስማ፤ ሰው ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ ብርሃኑም ድምፁም እንዴት እንደሚለወጥ ያስተውል። ይህን ማለታችን ወደ ሣር ቤት እንመለስ ለማለት አይደለም። የዛሬ ትምህርት ቤት ብረትና ሲሚንቶ ይፈልጋል። ዳሩ ግን አሮጌውን ቤት በሜትር ያልለካ ተማሪ አዲሱን ቤት በልቡ ሊለካ አይችልም።

በጀርመን አገር ቫልተር ግሮፒየስ እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር ባቋቋመው ባውሃውስ በተባለው ትምህርት ቤት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪው በሥራ ቤት ውስጥ ሁለት መምህር ነበረው፤ አንዱ የቅርጽ መምህር፣ ሁለተኛው የእጅ ሥራ መምህር። እኛም አገር ግንበኛውንና አናጢውን ወደ ስቱዲዮ ብናስገባቸው፣ የዲግሪ ወረቀት የለህም ብለን ከደጅ ባንመልሳቸው፣ ተማሪው ከእነርሱ የሚያገኘው ዕውቀት በመጽሐፍ የማይገኝ ነው። ድንጋይ ሲጠርቡ ያደጉ አዛውንት በአንድ ቀን ጉባኤ «ይህ ማዕዘን አይያዝም» ብለው የሚናገሩት ቃል የአንድ ወር ትምህርት ይተካል።

በዘመናችን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ኮምፒዩተሩ አንድ ቃል ሲነገረው የሚያምር የሕንፃ ሥዕል በጥቂት ደቂቃ ያወጣል። ተማሪው ያንን ይዞ ቢመጣ መምህሩ ምን ያድርግ? መከልከል ብቻ መፍትሔ አይሆንም፤ መሣሪያው ከተማሪው ኪስ አይጠፋምና። ሆኖም ሥዕሉ ቢያምርም ምክንያቱን የማይናገር ተማሪ የሌላውን ቅኔ አጥንቶ የራሴ ነው ብሎ እንደሚነግር ተማሪ ነው። የቅኔ መምህር ይህንን የሚያውቅበት መንገድ ቀላል ነበረ፤ ምሥጢሩን ይጠይቀዋል። የስቱዲዮ መምህርም ምሥጢሩን ይጠይቅ። በእጅ የተነደፉትን የመጀመሪያ ወረቀቶች፣ የተሰረዙትን ሳይቀር፣ ይመልከት። ውጤቱንም በመጨረሻው ሥዕል ላይ ብቻ ሳይሆን ተማሪው ከወዴት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ አይቶ ይስጥ።

ስለ መጨረሻው ጉባኤ ደግሞ አንድ ቃል ልንናገር ይገባናል። ቀድሞ በፓሪስ በነበረው የታወቀ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዳኞች የተማሪውን ሥራ በዝግ ክፍል ይመረምሩ ነበር፤ ተማሪው የሚሰማው ፍርዱን ብቻ ነበር። በኋላ ጉባኤው ተከፍቶ ተማሪው ራሱ ቆሞ እንዲያስረዳ መደረጉ መልካም ሆነ። ዳሩ ግን መከፈቱ ሌላ ፈተና አመጣ፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ወጣት በጓደኞቹ ፊት የሚዘለፍበት አደባባይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ የሕንፃ ንድፍ ተማሪዎች ማኅበር ይህንን ልማድ መርምሮ ሪፖርት ሲያወጣ፣ እንቅልፍ ማጣትን እንደ ጀግንነት መቁጠርንና የተማሪን ክብር መንካትን ነቅፎ፣ በስቱዲዮ ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸውን አምስት ነገሮች ዘረዘረ፤ እነርሱም ተስፋ፣ መከባበር፣ መካፈል፣ ተሳትፎና አዲስ ነገር መፍጠር ናቸው።

በእኛም አገር አንዳንድ ሰዎች «ያልተመታ አይማርም» ይላሉ። እኛ ግን ሥራን ማረምና ሠሪውን ማዋረድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው እንላለን። «ይህ ደረጃ ለሽማግሌ አይመችም» ማለት እርማት ነው፤ ተማሪው ሄዶ ደረጃውን ያስተካክላል። «አንተ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርህም» ማለት ግን የሚስተካከል ነገር አይተውለትም። በተለይም ከገጠር የመጣ ልጅና በዚህ ሙያ ቁጥራቸው ያነሰ ሴቶች ተማሪዎች እንዲህ ባለ ቃል ቢሸሹ፣ የምናጣው የአገሩን አፈር የሚያውቀውን ሰው ነው። እነዋሪ ተወልዶ የዋልካን ጠባይ ከእናቱ የተማረ ልጅ ስለ ሕንፃ መሠረት ሊናገር ሲነሣ አፉን የሚያስይዝ ጉባኤ አገሩን ይበድላል። ስለዚህ ዳኞች አስቀድመው ተማሪው የጻፈውን ምክንያት ያንብቡ፤ በመናገር ጊዜያቸው አስቀድመው የጸናውን፣ ቀጥሎ የላላውን ያሳዩ፤ ከጉባኤው በኋላም ተማሪው ሥራውን አርሞ የሚመልስበት ጊዜ ይሰጠው። ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ ትምህርቱ ቆሟል ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ መምህር ለብዙ ተማሪ እንዴት ጊዜ ያገኛል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ጥያቄው እውነተኛ ነው። መልሱንም ያው የቅኔ ቤት ይሰጠናል። በትልቅ ጉባኤ መምህሩ የሁሉን ቅኔ በየቀኑ ለመስማት ስለማይችል፣ ከተማሪዎቹ የበረታው አስነጋሪ ሆኖ የጀማሪዎቹን ይሰማል፤ የከበደውን ወደ መምህሩ ያደርሳል። በስቱዲዮም የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች የታናናሾቻቸውን ሥራ እንዲያዩ ቢደረግ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ የሚያርም ሰው ራሱን ደግሞ ይማራልና። ለዚህም አገልግሎት በውጤት የሚታሰብ ዋጋ ቢሰጣቸው ሥራው ይጸናል።

በመጨረሻ ይህንን ጽሑፍ ለሚያነቡ ሹማምንትና ካህናት የምናቀርበው አሳብ አለ። መምህሩ ብቻውን ይህንን ሊፈጽም አይችልም። የወረዳ ሹም በወረዳው ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሊሠራ ሲታሰብ፣ በሌላ ስፍራ የተሠራውን ፕላን ከመገልበጡ አስቀድሞ ተማሪዎችና መምህሮቻቸው መጥተው አፈሩን፣ ውሃውንና የሕዝቡን ልማድ እንዲያጠኑ ቢጋብዝ፣ ገንዘብ ቢያወጣ ጥቂት ያወጣል፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው። ቢሮውም የተሰነጠቀውን ግድግዳ ቀብቶ ከመሸፈን ይልቅ ተማሪዎች መጥተው ምክንያቱን እንዲመረምሩ ቢፈቅድ ነውር አይሆንበትም። የተሰነጠቀ ግድግዳ ለስቱዲዮ መጽሐፍ ነው። ከእነዋሪ ቅርብ የሆነው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና በአዲስ አበባ ያሉት ትምህርት ቤቶች እንዲህ ባለ ሥራ ከወረዳዎች ጋራ ቢተሳሰሩ፣ ተማሪው የሚነድፈው ለአሳብ ከተማ ሳይሆን ስሟ ለሚታወቅ ከተማ ይሆናል።

ካህናትና የደብር አለቆችም እንዲሁ የአብያተ ክርስቲያናቱን ደጅ ለተማሪዎች ቢከፍቱ፣ ሥርዓቱ በሚፈቅደው መጠን ሕንፃው እንዲለካና እንዲነደፍ ቢፈቅዱ፣ አሮጌው ቤተ መቅደስ በዕድሜ ሲደክም የጥገናው መሥመር ተጽፎ ይገኛል። ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት መጽሐፍ የአዲስ አበባን ጥንታዊ ሕንፃዎች ለትውልድ እንዳስቀሩ፣ የሰሜን ሸዋም አድባራትና የድንጋይ ቤቶች በተማሪዎች እጅ ተለክተው ቢቀመጡ ለተማሪው ትምህርት፣ ለአገሩ ቅርስ ይሆናል።

የቅኔ መምህር ደስታው ተማሪው እርሱ ያላሰበውን ምሥጢር ይዞ የመጣ ቀን ነው። በዚያ ቀን «ይበል» ይለዋል እንጂ ይህ የእኔ አይደለም ብሎ አይቀናበትም። የሕንፃ ንድፍ መምህርም ደስታው እንዲሁ ይሁን። ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ ልክ የተሰፋ ልብስ የሚለብስ ሳይሆን፣ በሄደበት አገር ሁሉ አፈሩን ጎንበስ ብሎ የሚያይ፣ የሚኖርበትን ሰው አስቀድሞ የሚያዳምጥ፣ ከዚያም በኋላ መሥመሩን የሚያሰምር ሰው ይሁን። እንዲህ ያለ ሰው የነደፈው ትምህርት ቤት በእነዋሪ ዋልካ ላይ ሠላሳ ክረምት ሳይተረተር ቢቆም፣ በውስጡ የሚማሩት ልጆች የነዳፊውን ስም ላያውቁ ይችላሉ፤ ዳሩ ግን የበሩ መዝጊያ በየበጋው ሲገጥም መምህሩ ይመሰገናል።